ሃያኛው ገጽ ሙሉ ነው ወይ?

ለአጎቴ ባለቤት፣ ለእኔም እትዬ ለሆንሽው፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን አንቺ ሰላምታ ያላስቀደመ ሰው ስለማትወጂ በወጉ እጀምራለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፉስ እሺ ይልሻል? ታላቅ እህትሽስ እንዴት ናቸው? ባለፈው ያለ ምርኩዝ እስከ በር ደርሰው መመለስ ጀምረዋል ብለሽኝ ነበር። እስካሁን በሩን አልፈው፣ ከጎረቤት ተጣልተው ተመልሰዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእሳቸው ጤና መመለሱ የሚታወቀው በዚያ ነውና። እኔ ደህና ነኝ። አጎቴም ደህና ነው፤ ሳሉ ለቆታል፣ ነገረኛነቱ ግን አለቀቀውም። «አንቱ ካልከኝ አሥር ዓመት ትጨምርብኛለህ» ብለሽ ከልጅነቴ ስለከለከልሽኝ፣ ጢሜ ሸብቶም አንቺ እያልኩ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ባለጌ ነው እንዳይለኝ አንቺው መስክሪልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለአጎቴ አነበብኩት። እንደ ልማዱ የማይሰማ መስሎ ጥቅል እያሰረ ነበር። መጨረሻው ላይ እንደ ዘበት የጣልሻትን ጥያቄ ሳነብ ግን ያቺን አንዲት ቋጠሮ ለመቋጠር የፈጀበት ጊዜ መርከብ ለማሰር ይበቃ ነበር። ጥያቄሽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ለመሆኑ እነዚያ አጎትህ ይሥላቸው የነበሩት አሮጌ የሥዕል ታሪኮች፣ ኮሚክ የምትሏቸው፣ ምን ቢያገኛቸው ነው ዋጋቸው እንዲህ የሚንረው? በተለይ ያ አሥራ አንደኛው እትም።»

እትዬ፣ ገርሞኛል። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ስለ ኮሚክ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የምታገባህ ሴት ታገኝበታለህ ወይ?» የሚል። አሁን ደግሞ የእትም ቁጥር ጠርተሽ የዋጋ መናር ያሳስብሻል። ምንም አልልም፤ የተጠየቀ ሰው መመለስ ነው ያለበት። መልሱ ረዘም ስለሚል የምትቀመጪበት ፈልጊ።

በመጀመሪያ ሱቃችን እንዳለ ነው። አሁንም በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል እንደ ዕልባት ተወትፏል። ሁለት ወፍራም ሰዎች አንድ ጊዜ ከገቡ አንዱ እስኪገዛ ሌላው መውጣት አይችልም፤ ለንግድ ጥሩ ነው። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ታውቂያታለሽ። አልጋ፣ የሥዕል ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ አጎቴ። አንቺ እህትሽን ልታስታምሚ «ለጥቂት ሳምንት ነው» ብለሽ ስትሄጂ፣ እሱ ባዶ ቤት ይጮህብኛል ብሎ ቤታችሁን ቆልፎ እዚያች ገባ። ጥቂቱ ሳምንት ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። እህትሽ ከዳኑ ቆይተዋል። እኔም በመካከላችሁ እንደ ፖስታ ሳጥን ቆሜያለሁ። እሱን ስጠይቀው «ትምጣ እንጂ፣ ማን ከለከላት?» ይለኛል። አንቺን ስጠይቅሽ «ይጥራኝ እንጂ፣ ማን ጠላው?» ትይኛለሽ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ግትርነት ግን ዕድሜ ለተረፈው ሰው ነው የሚያምርበት። እሱ ሰባዎቹን ጀምሯል፤ ያንቺን ዕድሜ በደብዳቤ ላይ አልጽፍም። እናንተ ማን ይቅደም ስትባባሉ ጊዜው ቀድሟችሁ እንዳይሄድ እፈራለሁ። እንዲህ ማለቴን ለእሱ አትንገሪው። በእርግጥ ብትነግሪው እሰየው ነበር፤ ቢያንስ አነጋገርሽው ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የኮሚክ ንግድ የሚቆመው «ቁልፍ እትም» በሚባል ነገር ላይ ነው። አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነበት እትም ማለት ነው፤ ጀግናው መጀመሪያ የታየበት፣ ክፉው መጀመሪያ የመጣበት፣ አንዱ መጀመሪያ የሞተበት። ሁለተኛ ጊዜ የሞተበት ርካሽ ነው፤ ኮሚክ ውስጥ መሞት ቶሎ ልማድ ይሆናል። አንድ ሰው በክብር የኖረባቸው ሃምሳ እትሞች እንደ ድንች በክምር ይሸጣሉ፤ ለአፍታ ከበር ኋላ ብቅ ያለባት አንዲት ግን የቤት ኪራይ ታወጣለች። እኔ ይህን ሳስብ የሰውንም ሕይወት እንዲሁ እንመዝነዋለን እላለሁ፤ የተዋወቁበትን ቀን ሁሉም ያስታውሳል፣ አብረው ምሳ የበሉበትን ተራ ማክሰኞ ግን ማን ይዞት።

ከዚያ ብርቅነቱ አለ። ብርቅ የሚያደርጉት የጣሉት ሰዎች ናቸው። እሳት የለኮሱበት፣ እርጥብ ጫማ ውስጥ የወተፉት፣ ለጀግናው ጢም የሣሉለት ልጆች፣ እነሱ ናቸው ባለውለታዎቻችን። ሁሉም ሰው ተጠንቅቆ ያስቀመጠው እትም ሳንቲም አያወጣም። ስለዚህ ሰብሳቢ ሰብሳቢን መንገድ ላይ ሲያገኘው በአፉ «ቤተሰብ ደህና?» ይለዋል፣ በልቡ ደግሞ የቤቱ ጣሪያ እንዲያፈስ ይመኝለታል።

ከብርቅነቱ ቀጥሎ ይዞታው ነው። ለዚህ ባለአጉሊው አለን። አታውቂውም፤ ድሮ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። አሁን በአጉሊ መነጽሩ የመጽሔት ማያያዣ ሽቦ ይመረምራል፤ ዛገ አልዛገ፣ ማዕዘኑ ታጠፈ አልታጠፈ፣ ወረቀቱ ነጭ ነው ወይስ ቢጫ ሆኗል። የተቀደደውን በሙጫ ልጠግን ያለ ወዮለት፣ ከተቀደደው ያነሰ ዋጋ ያገኛል። ባለአጉሊው ካየው በኋላ ነጥብ ሰጥቶ በደረቅ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ከታሸገ ወዲያ አይገለጥም፣ አይነበብም። ለመነበብ የተሠራ ነገር የሚከብረው እንዳይነበብ ሲታሰር ነው። ባለአጉሊውን አንድ ቀን ታሪኮቹን ትወዳቸዋለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የዶክተር ሥራ ከሆድ ዕቃ ጋር መዋደድ አይደለም አለኝ።

የመጨረሻው ወሬ ነው። የወሬው አስመጪና አከፋፋይ «ሰማሁ» ይባላል፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ግን ማንኛውንም ነገር «ሰማሁ» ብሎ ስለሚጀምር ስሙን ራሱ ረስቶታል። ከእኛ መንገድ ማዶ ይሸጣል። ከእንዲህ ያለው ኮሚክ ፊልም ሊሠራ ነው አሉ ብሎ ጠዋት ከተናገረ፣ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ይጨምራል፤ ፊልሙ ባይሠራም ዋጋው አይመለስም።

እንግዲህ አጎቴ በወጣትነቱ ለሳምንታዊው መጽሔት ይሥለው የነበረውን «የጣራው ሰው» ታስታውሻለሽ። ካላስታወስሽም ለእሱ አትንገሪው። አንደኛው እትም ውድ ነው፣ ጀግናው የታየበት ነውና። ሠላሳኛው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ በአንድ እጇ ብቻ ጥቁር ጓንት የምታጠልቀው ገዳይ፣ ባለጓንቷ፣ ብቅ ያለችበት ነው። አሥራ አንደኛው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነበር። አንድ ሌባ የከተማውን ሰዓት ይሰርቃል፣ የጣራው ሰው ያባርረዋል፣ አለቀ። አጎቴ ራሱ «ያኔ ደራሲያችንን ጥርሱን አሞት ነበር» ይላል።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲገባ አንድ ደንበኛ መጣልን። መጣ ስል በአካል አይደለም፤ ከሌላ ከተማ፣ የዕቃ መላኪያ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ እየደወለች ታዝዝላቸዋለች። ያዘዙት አሥራ አንደኛውን እትም ነው። ስለ ማያያዣው ሽቦ አልጠየቁም፣ ስለ ማዕዘኑ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃያኛው ገጽ ሙሉ ነው ወይ? ሙሉ ነው አልን። አጎቴ በወረቀት ጠቀለለው፣ በሲባጎ አሰረው፣ «ከዝናብ ይጠበቅ» ብሎ በመጻፍ ፈንታ እንደ ልማዱ ጥግ ላይ ትንሽ ጃንጥላ ሥሎ ላከው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ደወለች። ያው እትም፣ ያው ጥያቄ። ከዚያም እንደገና። አንድ ጊዜ አጎቴ በሳል ተኝቶ ስለነበር እኔ በፕላስተር ጠቅልዬ ላክሁ፤ በደረሰ ማግስት ልጅቷ ደውላ ደንበኛው አዝነዋል፣ በሲባጎ ያስር የነበረው ሰውዬ ምን ሆነ፣ ታመመ እንዴ፣ እያሉ ነው አለችኝ። በንግድ ዘመኔ ስለ ሲባጎ ያዘነ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሰብሳቢ ዓይነቱ ብዙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ የተበላሸው ሽፋን የሌለውን ሲገዙ ነው። ሽፋን የሌለው ኮሚክ በእኛ ሙያ ሬሳ ነው፤ ባለአጉሊው በእጁም አይነካውም። ሰማሁ ሱቄ ቆሞ ሳለ ልጅቷ ደወለች። የቀረኝ ሽፋኑ የወለቀ ነው አልኳት። ከኋላዋ ካለ ሰው ጋር ተማክራ፣ ሃያኛው ገጽ ሙሉ ከሆነ ይላኩት አለችኝ። ሰማሁ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። ሳይጨርስ ሻይ ሲያስቀምጥ አይቼው አላውቅም። ወዲያው አሥራ አንደኛውን ከመደርደሪያ አውርዶ ሃያኛውን ገጽ ገለጠ። የጣራው ሰው ሌባውን ያሳድዳል፤ ከታች በመንገዱ ላይ ሰው ይሯሯጣል፤ ከሰዎቹ መካከል አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። በአንድ እጇ ብቻ ጓንት አለ።

በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። «ሰማሁ» አለ ሰማሁ፣ «ባለጓንቷ መጀመሪያ የታየችው ሠላሳኛው ላይ አይደለም። አሥራ አንደኛው ላይ ተደብቃ ነበር። የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዝምታ እየለቀመ ነው።» ባለአጉሊው ሃያኛውን ገጽ መረመረና የጓንቱ ቀለም ከሠላሳኛው ጋር አንድ ነው ብሎ ፈረደ። (አንድ ቀለም የሆነው ማተሚያ ቤቱ ጥቁር ብቻ ስለነበረው ነው። ይህን ያነሳ አልነበረም።) ዋጋው በሳምንት ውስጥ እጥፍ ሆነ፣ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ። ደንበኛችን ባዘዙ ቁጥር፣ «አዩ! አሁንም ገዙ!» እየተባለ ሌላው ይገዛል። ሌላው በገዛ ቁጥር ለደንበኛችን ይወደድባቸዋል። ያም ሆኖ ማዘዛቸውን አላቆሙም። አንድ ሰው ብቻውን ገበያ ሲያስወድድና በዚያው በራሱ ገበያ ሲማረር ማየት ያሳዝናል እትዬ። ማንም ይሁኑ አሳዝነውኛል።

እኔም ከሰው አልተለየሁም፤ የሱቄን ግማሽ መደርደሪያ በአሥራ አንደኛው ሞላሁት። ምርጡን ለባለአጉሊው ሰጥቼ አሳሸግሁ፤ እንዲያ ያለ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ደብዳቤሽም የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ከዚያ ሰማሁ ጉባኤ ጠራ። ወረቀት መሸጫው ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ ወንበር አንሶት ሰው ቆመ። ዓላማው አንድ ነው፤ ሠዓሊው ራሱ በሰው ፊት «አዎ፣ ባለጓንቷ ናት» ይበል። አንዲት «አዎ» ካለ አሥራ አንደኛው እትም ለዘለዓለም ቁልፍ ሆነ። አጎቴን ለማሳመን ሰማሁ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ነበር፤ ስምህ ይነሳል፣ ሥራህ እንደገና ይታተማል፣ የወንድምነቴን ነው እያለ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መደርደሪያዬን እያየሁ አትሂድ አላልኩትም። አጎቴ ሸሚዙን ተኮሰ።

የታሸገውን እትም እጁ ላይ አስቀመጡለት። አገላበጠው። «የቱ ጋ ነው የሚከፈተው?» አለ። እንደማይከፈት ነገሩት። ሳላየው እንዴት እመሰክራለሁ ሲል ሰማሁ ቀድሞ አስቦበት ኖሮ መብራት አጠፋና ሥዕሉን አጉልቶ ግድግዳ ላይ አበራው። እኛ ሁልጊዜ በአውራ ጣት ልክ የምናያት ሴት ባንዴ የሰው ቁመት አከለች። አጎቴ ተነሥቶ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ብዙ ቆመ። ሰው ማሳል ጀመረ።

«ይህቺ ባለቤቴ ናት» አለ። «ዝናብ ነበር። ምሳ ይዛልኝ መጥታ ዘበኛው አላስገባም አላት። በመስኮት አየኋት። ጓንቷን አንዱን ሁልጊዜ ትጥላለች።»

 ብዙ የገዙ ሰዎች በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰማሁ ከሁሉ ቀድሞ ነቃና፣ ታዲያ ባለጓንቷን የሣልካት ባለቤትህን አይተህ ነዋ ብሎ ለማዳን ሞከረ። አጎቴ ከልቡ ተቀየመ። ባለጓንቷ ነፍሰ ገዳይ ናት፣ እሷን የሣልኩት የማተሚያ ቤቱን ገንዘብ ያዥ አይቼ ነው፣ ባለቤቴ ዝንብ እንኳ ስታባርር ይቅርታ ትጠይቃለች አለ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ምን ያስቃል፣ አሥር አለኝ እኮ አለው። «ባለቤቴ ነበረች» አላለም እትዬ። «ናት» ነው ያለው። ይህን የምጽፍልሽ ለታሪክ ትክክለኛነት ነው።

የቀረውን መገመት ትችያለሽ። ሰው ከደረጃው እየወረደ ሳለ ዋጋውም አብሮት ወረደ። ሁለት ቀን ሳይሞላ አሥራ አንደኛው እንደ ድሮው ከምንም አይቆጠርም ነበር፤ የእኔ ግማሽ መደርደሪያም ግማሽ መደርደሪያ ወረቀት ሆነ። ባለአጉሊው ሱቄ መጥቶ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጠ። ከዚያ ምን እንደታየው አላውቅም፣ ያልታሸገ አንድ አንሥቶ አጉሊውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽቦው ላይ ወደ ሥዕሉ መለሰ። «ሴትዮዋ እኮ ትስቃለች» አለኝ። ተቀብዬ አየሁ። እጅሽ ላይ ያደግሁት ሰው፣ ዓመት ሙሉ ያንን ገጽ ቀን ሌሊት ሳልል ስሸጠው ስገዛው፣ ፊትሽን አላየሁትም ነበር። ጓንቱን ነበር የማየው። በዝናብ ቆመሽ፣ ምሳ ዕቃውን በኮትሽ ሸፍነሽ፣ ወደ መስኮቱ ቀና ብለሽ ትስቂያለሽ። የጣራው ሰው ከበላይሽ እየበረረ ነው፤ አንቺ ግን እሱን አታዪውም።

በዚያ ሳምንት አንድም ሰው አሥራ አንደኛውን አልጠየቀም። ከአንድ በቀር።

ስልኩ ሲጮህ እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። አጎቴ አነሣው። የመላኪያ ቢሮዋ ልጅ ነበረች። ሲያወራ ሰማሁት፦ አዎ፣ አለ። አዎ፣ ዋጋው ወርዷል፣ ደንበኛው ሰምተዋል? ሰምተውም ይፈልጋሉ? እሺ። ልጅቷ ስለ ሽፋኑ ጠየቀችው መሰለኝ፣ አጎቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ከልጅቷ ኋላ ሌላ ድምፅ ተናገረ። እኔ አልሰማሁትም። እሱ በኋላ እንደነገረኝ፣ «የሽፋኑን ተይው ልጄ፣ ገጹን ጠይቂ» ያለ የሴት ድምፅ ነበር። አጎቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።  ልጅቷ ሃሎ ሃሎ ስትል መሰላሉ ላይ ሆኜ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ አይቼ እነግርዎታለሁ፣ አለና ዘጋው።

ልብ በይ፣ ያ ድምፅ የማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያለሽበት ከተማ ትልቅ ነው፣ ብዙ ሴት አለበት።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የታሸገውን፣ ግንባሬ የተሳመበትን ምርጥ እትም አነሣ። ባለአጉሊው አጠገባችን ተቀምጧል። አጎቴ የወረቀት መቁረጫውን ቢላ ወስዶ በፕላስቲኩ ጎን አስገባ። ባለአጉሊው እንደ ተወጋ ሰው ተነሥቶ፣ ምን እያደረግህ ነው፣ ካሁን ወዲያ ነጥብ የለውም እኮ ሲለው፣ አጎቴ ቀና ሳይል «ደንበኛ ገጹ ሙሉ ነው ወይ ብሏል። ሳልከፍት ሙሉ ነው ብል ዋሸሁ» አለ። ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ። ባለአጉሊው ዓይኑን ጨፈነ። አጎቴ ሃያኛውን ገጽ ገለጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ በቅርብ አየው።

«እጇን አሳንሼዋለሁ» አለ። «ያኔ ስቸኩል።»

ቁጭ ብዬ ላስረው ብለው አልሰጠኝም። በፖስታም አይሄድም፤ ይህኛው በእጅ ነው የሚደርሰው፣ ወረቀቱ አርጅቷል፣ መንገድ ላይ እንዲጥሉት አልፈልግም አለ። አውቶብሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮቱን ቦረሸ። ጺሙን ሁለቴ ተላጨ፤ ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፣ የበቀለ ነገር አልነበረም። ባለአጉሊው በዚያ ሁሉ ሐዘኑ መሃል ጫማውን ጠረገለት። ሰማሁ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ መጥቶ፣ ልትሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ ብሎ፣ ለመንገድ ብሎ ብርቱካን ይዞለት መጣ። ያቺን «አዎ» ብትል ኖሮ እኮ ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

የሚደርሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አውቶብሱ መንገድ ላይ ስለሚያድር፣ ይህ ደብዳቤ እንዲቀድመው በአውሮፕላን ፈጣን መልእክት እልከዋለሁ። ያቺን ደንበኛ በአጋጣሚ የምታውቂያት ከሆነ ሐሙስ ከቤት እንዳትወጣ ንገሪልኝ። ካላወቅሻትም ግድ የለም፣ አንቺው ቤት ዋዪ። ትንሽ ሊነጫነጭ ይችላል፤ መንገድ አይወድም። «ማን ጠራህ?» ብለሽ እንዳትጀምሪው እለምንሻለሁ። እሱም «ማን ከለከለሽ?» እንዳይል አስምዬዋለሁ፤ የማለ ግን አይመስለኝም፣ አንገቱን ብቻ ነው የነቀነቀው።

እንግዲህ ዋጋቸው ለምን ይንራል ላልሽው ይኸው መልሴ። ብርቅነትም፣ ይዞታም፣ ወሬም ይረዳል። ፈላጊ ከሌለ ግን ሁሉም ወረቀት ነው፤ ፈላጊ ካለ ደግሞ አንድም ይበቃል።

አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። ሻንጣውን ልያዝልህ ብዬ ሳነሣው ከበደኝ። አንድ መጽሔት ለማድረስ የሚሄድ ሰው ምን ቢይዝ ነው ብዬ ዚፑ ያልተዘጋበትን ጎን አየት አደረግሁ። የሥዕል ሰሌዳው፣ የክረምት ሹራቡ፣ ከላይ ደግሞ ታጥፎ ትራሱ። አየኝ። አየሁት። ሁለታችንም ስለ አየሩ አወራን። ከጀርባ ያለችውን ክፍል መጋዘን አላደርጋትም፤ ስትመጡ ሁለት ሰው እንድትይዝ አልጋውን አስለውጣለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሰው ድምፅ ይሙላልሽ፣ ታላቅ እህትሽንም የሚጣሉት ጎረቤት አያሳጣቸው። የናፈቀሽን ሁሉ በደህና ያድርስልሽ።

ጉንጮችሽን እያገላበጥሁ ስሜያለሁ።

የባልሽ የእህት ልጅ